መብራት ሲጠፋ የሚሰማው ሬዲዮ

ድሬዳዋ ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ቬንትሌተሩን ነው። በግንቦትና በሰኔ ሌሊት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተኛ ሰው፣ የቬንትሌተሩ ክንፍ እየዘገመ ሄዶ ሲቆም ገና ላብ ሳያጠምቀው ይነቃል፤ ከየግቢውም «ጠፋ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔም እነቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት እግሬ የሚወስደኝ ወደ በረንዳው ሳይሆን፣ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ወደምትጎርሰው አሮጌ ሬዲዮ ነው። ቁልፏን ወደ መካከለኛ ሞገድ አዞራለሁ። ከአሥር ደቂቃ በፊት ከዳር እስከ ዳር እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም የነበረው መስመር አሁን ጸጥ ብሏል። መርፌዋ ጥቂት በተንቀሳቀሰች ቁጥር አንድ ጣቢያ ይገኛል፤ ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጣ የቁርኣን ንባብ፣ የሶማልኛ ግጥም፣ ደከም ብሎ የሚሰማ ፈረንሳይኛ። መብራቱ ሲመለስ ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ይደሰታል፤ የእኔ ጣቢያዎች ግን በዚያችው ቅጽበት ይሰወራሉ።

የዚህን ነገር ምክንያት እስክረዳ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። ነገሩ ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ የምፈልግበት ስፍራ የተሳሳተ ስለነበር ነው። ጥፋቱን የምፈልገው ሬዲዮዋ ውስጥ ነበር።

ሬዲዮዋ የአባቴ ናት። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። አባቴም ከዚራ ሰፈር ባለው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። በዚያ ወርክሾፕ ያደገ ሰው የተሰበረ ነገር አይጥልም፤ መለዋወጫ ካልተገኘ በቶርኖ ተጠርቦ ይወጣል። የሬዲዮዋ የድምፅ ቁልፍ እኔ ሳልወለድ ተሰብሮ ኖሮ፣ ከአባቴ ባልደረቦች አንዱ ከነሐስ ጠርቦ ሠርቶላታል። ያ የነሐስ ቁልፍ ዛሬም አለ፤ በስንት ሰው ጣት እንደተዞረ የሚያሳይ ልስላሴ ይዟል።

መጠገን ያስተማረኝ ግን አባቴ አልነበረም። በመጋላ በኩል አንዲት ጠባብ ሱቅ የነበረው ሽማግሌ ነው። አብዬ እንለው ነበር። በድሬ ልማድ ታላቅን «አንተ» ማለት ፍቅር እንጂ ንቀት ስላልሆነ፣ እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ ከተማው በቀትር ሙቀት ሱቁን ሁሉ ዘግቶ ሲተኛ፣ አብዬ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሠራል፤ እኔም ከጎኑ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት መበየጃውን እንድነካ አልፈቀደልኝም። «ካቻቢቴ ከማንሣትህ በፊት አድምጣት» ይለኝ ነበር። ይህ ቃል ያኔ የሽማግሌ ምክር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ትክክለኛ የሥራ ዘዴ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

የተበላሸ ሬዲዮ የሚሰማ ለሚያውቅ ብዙ ይናገራል። ቁልፉ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በውስጡ ያለው የካርቦን መንገድ አቧራ ይዟል ማለት ነው፤ የድሬ አቧራ ደግሞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። «ሽሽሽ» የሚል ትንፋሽ እየተሰማ አንድም ጣቢያ ካልተገኘ፣ ድምፅ የሚያጎላው ክፍል ደኅና ነው፤ የታመመው ከፊት ያለው፣ ሞገዱን የሚቀበለው ክፍል ነው። ፍጹም ዝም ካለች ደግሞ አብዬ በሬዲዮዋ መሃል የሚገኘውን የድምፅ መቆጣጠሪያ መካከለኛ እግር በጣቱ ይነካል። ስፒከሯ «እምምም» ብላ ከመለሰች፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ሕያው ነው፤ ግማሹ ሬዲዮ በአንድ ጣት ተመረመረ ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው በድንጋይ በምትሠራ ሬዲዮ ላይ ብቻ ነበር። ከግድግዳ ኮረንቲ በተሰካች ዕቃ ላይ ጣቴን ሳነሣ ያየኝ ቀን እጄን የመታኝ አመታት እስካሁን አይረሳኝም፤ ስለመታኝም አመሰግነዋለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ግን በሁለት ሬዲዮ የሚሠራውን ምርመራ ነው። ቤታችን ያለ ሬዲዮ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው፣ ሱፐርሄትሮዳይን በሚባለው ዘዴ ነው። ሬዲዮዋ የምንፈልገውን ጣቢያ እንዳለ አታጎላውም፤ በውስጧ የራሷን ትንሽ ሞገድ ታመነጭና ከጣቢያው ሞገድ ጋር ታቀላቅለዋለች፤ ከቅልቅሉም ሁልጊዜ 455 ኪሎ ኸርዝ የሆነውን ልዩነት ለይታ ታጎላለች። ስለዚህ መርፌዋ 600 ላይ ስትሆን በውስጧ የምታመነጨው 1055 ነው። ያችን ትንሽ ሞገድ ሌላ ሬዲዮ ሊሰማት ይችላል። አብዬ የታመመችውን ሬዲዮ 600 ላይ ያደርግና፣ ደኅነኛዋን ከጎኗ አስቀምጦ 1055 አካባቢ ቀስ እያለ ይፈልጋል። በአንድ ስፍራ ላይ ትንፋሹ በድንገት ከተዋጠ ወይም ፉጨት ከተሰማ፣ የታመመችው ሬዲዮ ልብ ይመታል። ካልተሰማ ጥፋቱ የት እንዳለ ታወቀ። በወቅቱ እንደዚህ ያለውን ለማየት ኦሲሎስኮፕ የሚባል መሣሪያ እንደሚያስፈልግ በመጽሐፍ ያነበብኩ ልጅ ነበርኩ፤ አብዬ ግን መሣሪያው በየሰው ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንዳለ አሳየኝ።

በአብዬ ሱቅ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ዕቃ እርሱ ኮንደንሰር፣ የዛሬ ልጆች ካፓሲተር የሚሉት፣ ኮረንቲ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ ነው። በተለይ እንደ ትንሽ በርሜል ያለው ዓይነት በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ወረቀት ስለተጠቀለለበት ሙቀት ያደርቀዋል። ጎኑ ላይ 85 ወይም 105 ዲግሪ ተብሎ ይጻፍበታል፤ ተራው ዓይነት በዚያ ሙቀት 2000 ሰዓት ያህል እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል፤ በጨመረ ቁጥር ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ሐረር ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ቀዝቃዛ ነው። አብዬ ከሐረር የመጣች ሬዲዮና በድሬ ቆርቆሮ ሥር የኖረች ሬዲዮ ሲከፈቱ በዓይን ይለያሉ ይል ነበር፤ የእኛዎቹ በርሜሎች አናታቸው ያበጠ፣ እግራቸው ሥር ቡናማ ፈሳሽ ያንጠባጠበ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ብየዳዬን የበየድኩት እንዲህ ያለ ያበጠ ኮንደንሰር ለመለወጥ ነበር፤ ሊዱን አብዝቼበት ከጎን ካለው መስመር ጋር አገናኝቼው፣ አብዬ ምንም ሳይናገር መጦ አንሥቶ እንደገና እንድበይድ ሰጠኝ።

በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ስለዚያ ሌሊት መጻፍ የሚገባው ከእኔ የበለጠ ያጣ ሰው ነው። እኔ የምናገረው ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዬ ሱቅ ስለመጡት ሬዲዮዎች ብቻ ነው። ጭቃ የሞላባቸው ሣጥኖች ነበሩ። ሰዎቹ ያመጧቸው ለዜና ብለው ብቻ አልነበረም፤ አንዳንዷ ሬዲዮ ከቤቱ የተረፈች ብቸኛ ዕቃ ነበረች። አብዬ ድንጋዩን አውጥቶ፣ ዕቃዎቹ የተበየዱበትን ሰሌዳ ነቅሎ በንጹሕ ውሃ ያጥበው ነበር። ውሃ የጎዳውን በውሃ ማጠቡ ያን ጊዜ አስደንግጦኝ ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ኮረንቲ የሌለበትን ሰሌዳ የሚበላው ንጹሑ ውሃ ሳይሆን በውስጡ የቀረው ጭቃና ጨው ነው። ከዚያ በኋላ ለቀናት በጥላ ባለ ነፋሻ ቦታ ይደርቃል። የወረቀት ስፒከሮቹ አብዛኞቹ አልተረፉም፤ ሰሌዳዎቹ ግን እየተነሡ ተናገሩ። አብዬ ከእነዚያ ሬዲዮዎች ለአንዱም ዋጋ አልጠየቀም።

አብዬ ካረፈ ከዓመታት በኋላ የአባቴ ሬዲዮ እኔ ዘንድ ስትመጣ፣ ያወቅኩትን ሁሉ አደረግኩላት። ኮንደንሰሮቿን ለወጥኩ፣ ቁልፎቿን አጸዳሁ፣ የድንጋይ ማቀፊያዋን ዝገት ፋቅኩ። ሠራች፤ ነገር ግን ማታ ማታ ከጉርምርምታ በቀር የምታሰማው ነገር አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 የጀመረውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረውን የአሜሪካ ድምፅ ያዳምጥ ነበር፤ ከግቢ ግቢ ስንዘዋወር ዜናው አይቋረጥብንም ነበር። ሶማልኛ የሚናገሩት ጎረቤቶቻችን በአጭር ሞገድ የሐርጌሳን ሬዲዮ ሲከታተሉ አስታውሳለሁ። አሁን እነዚያው ሰዓቶች በጩኸት የሚሞሉ ሆነዋል።

በመጀመሪያ ሰማዩን ጠረጠርኩ። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ነው፤ በዚህም የተነሣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላያችን ያለው ኤፍ የሚባለው የከባቢ አየር ንብርብር ይታወካል፤ የአጭር ሞገድ ጣቢያም ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ ይርገበገባል። ይህ ከጥንት ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ሰማዩ የሚያመጣው መርገብገብ ጣቢያውን ያወዛውዘዋል እንጂ «ዝዝዝ» አይልም። መካከለኛ ሞገድ ደግሞ እንዲያውም በምሽት ሊሻለው ይገባል፤ ቀን በፀሐይ ጨረር የሚፈጠረውና ሞገዱን የሚውጠው ዲ የተባለው ታችኛው ንብርብር ሌሊት ስለሚጠፋ፣ ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ተንጸባርቆ ሩቅ ይደርሳል። ስለዚህ ሰማዩ ንጹሕ ነው። እኔ ደግሞ ሬዲዮዋን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈትኳት።

ከዚያም መብራት ጠፋ፤ ሬዲዮዋም ተከፍታ፣ አንጀቷ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረገፈ፣ ጥርት ብላ ተናገረች። አብዬ «አድምጣት» ይል የነበረውን ያን ጊዜ አስታወስኩ። እኔ እያደመጥኩ የነበረው ሬዲዮዋን ብቻ ነበር፤ ሬዲዮዋ ደግሞ የምትነግረኝ ስለ ቤቴ ነበር።

መብራቱ ሲመለስ የቆጣሪውን ማብሪያ ማጥፊያ ዘግቼ የራሴን ቤት ብቻ አጨለምኩ። ጩኸቱ ግማሽ ያህል ወረደ። ስለዚህ ግማሹ ከእኔ፣ ግማሹ ከሰፈሩ ነው ማለት ነው። ሶኬት በሶኬት እየሰካሁና እየነቀልኩ የቤቴን ጥፋተኞች አገኘኋቸው፤ አንድ የሞባይል ቻርጀር፣ የወጥ ቤቱ አምፖል፣ እና የዲሽ ሪሲቨሩ። ሪሲቨሩ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም ቢሆን፣ ቀይ መብራቱ እስካለ ድረስ ይጮኽ ነበር።

አምፖሉን ፈታሁት። የዛሬ ኤል ኢ ዲ አምፖል በሆዱ ትንሽ ሰሌዳ አለው፤ 220 ቮልቱን የሚያወርደው በሰከንድ አሥር ሺዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው። የዚያ ማብራትና ማጥፋት ብዜቶች ወደ ላይ እየተደረደሩ እስከ መካከለኛና አጭር ሞገድ ይደርሳሉ፤ የቤቱ ሽቦም አንቴና ይሆንላቸዋል። ኮረንቲያችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ሲታረም በሰከንድ 100 ጉብታ ስለሚተው፣ ጩኸቱ ያንን «ዝዝዝ» ለብሶ ይወጣል። ይህን ለማፈን መሐንዲሱ በሰሌዳው ላይ ለአንዲት ጥቅል ሽቦና ለአንድ ኮንደንሰር ቦታ ትቶ ነበር፤ ምልክታቸውም ታትሟል። በሰሌዳው ላይ ግን ኮንደንሰሩ የለም፤ በጥቅሉ ሽቦ ቦታ ደግሞ አንዲት ቁራጭ ሽቦ ተበይዳለች። ይህን ሳይ የተሰማኝ ቁጣ ነበር። ሠሪው ምን መደረግ እንዳለበት ያውቃል፤ የጥቂት ሳንቲም ዕቃ ቀንሶ ግን የአንድን ሰፈር ጆሮ ወሰደ።

መፍትሔው ፌራይት ነው፤ ጥቁር፣ ሸክላ የመሰለ፣ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ቁስ። የቻርጀሩ ሽቦ በፌራይት ቀለበት ውስጥ ሲጠመጠም ኮረንቲው ያልፋል፣ ጩኸቱ ይታፈናል። የመጠምጠሙ ጥቅም የሚያድገው በዙሩ ቁጥር ካሬ ስለሆነ፣ ሽቦው አንድ ጊዜ ከማለፍ ይልቅ ሰባት ጊዜ ቢጠመጠም እገዳው ወደ 49 እጥፍ ይጠጋል። አዲስ መግዛት አላስፈለገኝም። ከቆራሌው የገዛኋቸው የአሮጌ ኮምፒውተር ስክሪን ገመዶች ጫፋቸው አካባቢ ያለው እብጠት ውስጥ ፌራይት አለ፤ በድሮ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ፍላይባክ የሚባለው ትራንስፎርመርም እንዲሁ። ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጣውን ቢጫና ነጭ ቀለበት ግን ተጠቅሜበት ምንም አልሠራልኝም፤ እርሱ የብረት ዱቄት እንጂ ፌራይት አይደለም፤ በዚህ የባከነብኝን ሳምንት ሌላ ሰው እንዳያባክን ብዬ ነው የምጽፈው። አምፖሉን ግን በሌላ ለወጥኩት፤ ስገዛ ባለ ሱቁ እያበራልኝ ትንሿን ሬዲዮ ጠጋ አድርጌ አዳመጥኩና የዝምተኛውን ወሰድኩ።

ለሬዲዮዋም አንድ ጓደኛ አንቴና ሠራሁላት። ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት መስቀል ላይ 11 ዙር ሽቦ፣ በድምሩ ከ26 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ጠምጥሜ፣ ከተጣለ ሬዲዮ የወጣ፣ ጣቢያ ሲፈለግ የሚዞር ኮንደንሰር አገናኘሁበት። ይህ ከሬዲዮዋ ጋር በሽቦ መገናኘት አያስፈልገውም፤ ከጎኗ ቆሞ ኮንደንሰሩ ሲስተካከል ደካማው ጣቢያ ከፍ ይላል። የበለጠው ጥቅሙ ግን አቅጣጫ ማወቁ ነው፤ ሲዞር ጩኸቱ የሚጠፋበት ማዕዘን አለ። በሬዲዮዋ ውስጥ ያለው የፌራይት ዘንግም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ የዘንጉ ጫፍ ወደ ጩኸቱ ምንጭ ሲያመለክት ጩኸቱ ይሞታል። በዚህ ዘዴ አንድ ምሽት ሬዲዮዋን አቅፌ እያዞርኩ መንገዳችንን ወረድኩ። ልጆች ተከተሉኝ። የኮረንቲ ሽቦው ራሱ ጩኸቱን ተሸክሞ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ አሳሳተኝ፤ በመጨረሻ ግን ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ፣ በሯ ላይ ከተሰቀለው ባለ ቀለም የመብራት ማስታወቂያ ሥር አቆመኝ።

የሱቋ ባለቤት እማማ የምንላት፣ በሶማልኛ ጀምራ በኦሮምኛ ቀጥላ በአማርኛ የምትጨርስ ሴት ናት። ያመጣሁትን ነገር እንዴት እንደምናገር ተጨንቄ ነበር። «እማማ፣ ማስታወቂያሽን ለአንድ ደቂቃ አጥፊልኝ» አልኳት። አጠፋችው። በእጄ ያለችው ሬዲዮ ከጉርምርምታ ወጥታ የሰው ድምፅ አወጣች። እማማ ቆማ አዳመጠች፤ ከዚያም እንድታበራው ጠየቅኳት፤ ድምፁ ሰጠመ። ሁለት ጊዜ ራሷ አጥፍታ አበራችው።

«እኔ'ኮ የእኔዋ የተበላሸች መስሎኝ ነው» አለች። «ጠጋኝ ጋ ወስጃት ደኅና ናት ብሎ መለሰልኝ። ዋሸኝ ብዬ ጣልኳት።»

ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከባዶ ጠርሙሶች ሣጥን ሥር አወጣቻት። በአቧራ ካልሆነ በቀር ምንም አልሆነችም። ድንጋይ ከራሷ ሱቅ አወረደች፤ ገንዘቡን ልክፈል ብላት «ሂድ አንተ ልጅ» አለችኝ። በማግሥቱ የማስታወቂያውን ሽቦ ከአሮጌ ፍላይባክ በወጣ ፌራይት ላይ ዘጠኝ ዙር ጠምጥሜ፣ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ በፕላስተር አሰርኩት። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከጣቢያው ሥር ወረደ።

ባለፈው ሐሙስ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሳለ በእማማ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። የእሷ ሬዲዮ ባንኮኒው ላይ ሶማልኛ ትናገራለች። ከየግቢው «መጣ!» ሲባልና ባለ ቀለሙ ማስታወቂያ ከላያችን ሲበራ፣ ሁለታችንም ወደ ባንኮኒው ዞርን። ተናጋሪው ዐረፍተ ነገሩን ቀጠለ። ከሥሩ ግን አንድ ሌላ፣ ቀጠን ያለ ዝዝታ ተጨምሮ ነበር። ሬዲዮዋን አንሥቼ ቀስ ብዬ አዞርኳት፤ የዘንጓ ጫፍ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሰማያዊ የብረት በር ሲያመለክት ዝዝታው ጠፋ። እማማ በሩን አየችና «እነሱ ጋ ከመግሪብ በኋላ ነው የሚገኙት» አለችኝ።